የፕሪንስ ሆል ውሃ ልክ

ፍሪሜሶን ሊሆን የመጣ ሰው የማኅበሩ መሰብሰቢያ ወደሆነው ሎጅ ከመግባቱ በፊት ኪሱን ያራግፋል። ሳንቲም፣ ቀለበት፣ ብረት የተባለ ነገር ሁሉ ከላዩ ይወሰዳል። ዓይኑ ይታሰራል፣ የግራ ጉልበቱ ይገለጣል፣ አንገቱ ላይ ገመድ ይጠልቃል። ቃለ መሐላውን ሲጨርስ በሰሜን ምሥራቅ ማዕዘን ያቆሙትና ለድሆች የሚሆን ጥቂት እንዲሰጥ ይጠይቁታል። እጁን ይሰዳል፤ ኪሱ ባዶ ነው። ሰው ሁሉ እያየው ያፍራል። ያን ጊዜ፣ አንድ ቀን እንዲህ ባዶ እጁን የቆመ ሰው ቢያጋጥምህ ይህችን ሰዓት አስታውስ ይሉታል። ይህን ሥርዓት ያወጣው ማንም ይሁን ማን ማስተማር ያውቅበታል።

እኛ ዘንድ ፍሪሜሶን ሲባል ቀድሞ የሚመጣው የሴራ ወሬ ነው። ምስጢር የተባለው ግን ሳሙኤል ፕሪቻርድ እ.ኤ.አ. በ1730 ለንደን ላይ አሳትሞ ከሸጠው ወዲህ ገበያ የዋለ ነገር ነው። ትምህርቱ በሦስት ማዕረግ የተከፈለ፣ ቋንቋውም ከግንበኛ የተወሰደ ነው። ተለማማጁ 24 ኢንች መለኪያ ይሰጠዋል፤ የቀኑን 24 ሰዓት ለጸሎት፣ ለሥራና ሰውን ለመርዳት እንዲያካፍልበት ነው። መዶሻው ያልተጠረበውን ድንጋይ፣ ማለትም ራሱን፣ ይጠርብበታል። በሦስተኛው ማዕረግ የሰሎሞንን ቤተ መቅደስ የሠራው ኪራም ምስጢር አላወጣም ብሎ ሲገደል በትያትር ይታያል። መጽሐፈ ነገሥት ስለ ኪራም የነገረን ምሰሶዎቹን ከናስ ማፍሰሱን እንጂ መገደሉን አይደለም።

የእኔን ልብ የያዘው ሁለተኛው ማዕረግ ነው። መሣሪያዎቹ ስኳድራ፣ ቱምቢና ውሃ ልክ ናቸው። ስኳድራው ቅንነትን፣ ቱምቢው ቀጥ ብሎ መኖርን ያስተምራል፤ ውሃ ልኩ ደግሞ ሰው ሁሉ እኩል ነው ይላል። ይሁንና ጄምስ አንደርሰን እ.ኤ.አ. በ1723 ያሳተመው የማኅበሩ ሕግ አባል የሚሆነው ከነፃ ሰው የተወለደ ነው፤ ባሪያም ሴትም አይገባም ይል ነበር። ባርነት በተንሰራፋበት አገር ይህ ሕግ ማንን እንደሚያስቀር ግልጽ ነው።

ቦስተን ውስጥ ፕሪንስ ሆል የሚባል ቆዳ ፋቂ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1777 ለከተማይቱ የመድፈኞች ክፍለ ጦር አምስት የከበሮ ቆዳ ሠርቶ ማስረከቡን የሚያሳይ የሒሳብ ወረቀት አለ። እ.ኤ.አ. ማርች 6 ቀን 1775 እሱና ሌሎች 14 ጥቁሮች በእንግሊዝ ጦር ውስጥ በነበረ፣ ከአየርላንድ ፈቃድ ባገኘ ሎጅ ማዕረግ እንደተቀበሉ በታሪካቸው ይነገራል። ሰባት ሳምንት ሳይሞላ የአሜሪካ የነፃነት ጦርነት ፈነዳ። ጦሩ ቦስተንን ሲለቅ የተወላቸው ፈቃድ ጠባብ ነበር፤ በቅዱስ ዮሐንስ ቀን መሰለፍና ሙታናቸውን መቅበር ይችላሉ፣ ማዕረግ መስጠት ግን አይችሉም። ሙሉውን ፈቃድ ለንደን እ.ኤ.አ. በ1784 ጻፈችላቸው፤ ወረቀቱ ቦስተን የደረሰው በ1787 ነው። ስሙም የአፍሪካ ሎጅ ቁጥር 459 ሆነ።

በ1788 መጀመሪያ ላይ አንድ የመርከብ አዛዥ ሦስት ነፃ ጥቁሮችን ሥራ አለ ብሎ ከቦስተን አሳፈረና ወደ ካሪቢያን ወስዶ ለሽያጭ አቀረባቸው። ከሦስቱ አንዱ ፍሪሜሶን ነበር። ሊገዛቸው የቀረበው ነጋዴም ፍሪሜሶን ሆኖ ተገኘ። ተዋወቁ፤ ነገሩ የቦታው አስተዳዳሪ ዘንድ ደረሰ፤ ሰዎቹም ወደ አገራቸው ተመለሱ። ሆልና ጓደኞቹ እነዚያ ሰዎች ገና ሳይመለሱ ለማሳቹሴትስ ምክር ቤት አቤቱታ አስገብተው ነበር፤ በዚያው ዓመት ማርች ላይ ግዛቱ የባሪያ ንግድን የሚከለክል ሕግ አወጣ።

ሆል በ1797 ሜኖቶሚ በሚባል ቦታ ለወንድሞቹ ባደረገው ንግግር ውሃ ልኩን በቀጥታ አልጠራም፤ የጠራው ሰሎሞንን ነው። ሰሎሞን የሳባን ንግሥት እጇን ይዞ ወደ አደባባዩ ለማስገባት አላፈረም አለ። ፊልጶስም ከሕንደኬ ጃንደረባ ጋር በአንድ ሠረገላ መቀመጥን ዝቅ ማለት አላደረገውም አለ። በፈረንሳይ የካሪቢያን ግዛት ባሮች የጨበጡትን ነፃነት አንስቶም ኢትዮጵያ እጇን እየዘረጋች ነው ብሎ የዳዊትን መዝሙር ተረጎመው። ከእኛ አገር ሰው ጋር መገናኘቱን የሚያሳይ ነገር የለም፤ ኢትዮጵያን ያወቃት ከመጽሐፍ ቅዱሱ ነው።

ፕሪንስ ሆል በ1807 ሞቶ በቦስተኑ ኮፕስ ሂል ተቀበረ፤ ማኅበሩም በስሙ ተጠራ። ከነጮቹ ታላላቅ ሎጆች መካከል ለዚህ ማኅበር ሳይሻር የጸና እውቅና በመስጠት የመጀመሪያው የኮነቲከቱ ነው፤ ዓመቱም 1989 ነበር፤ 15ቱ ሰዎች ማዕረግ ከተቀበሉ 214 ዓመት በኋላ።