እንጉርጉሮ

እንጉርጉሮን «የሐዘን ዜማ» ብሎ መፍታት የቃሉን ግማሽ መጣል ነው። ግሱ አንጎራጎረ ነው፤ በዝግ ድምፅ ለራስ ማዜምም ማጉረምረምም ይሆናል። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ፣ ኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 16፣ የተራቡት እስራኤላውያን በሙሴና በአሮን ላይ ያደረጉት የተገለጸው በዚሁ ግስ ነው። ዜማ የለበትም፤ በምድረ በዳ ሆነው የግብፅን የሥጋ ምንቸት እያስታወሱ አማረሩ። ማጣት ወደ ዜማ ሲገባ ሁለቱ ፍቺዎች ይገናኛሉ፤ ያማረ ምሬት ይሆናል።

ከሙሾ ጋር ግን አይምታታ። ሙሾ ለሟች ነው፤ አውራጅና ተቀባይ፣ ለቀስተኛም ይፈልጋል። እንጉርጉሮ ሰሚ አይጠራም። ወፍጮ ላይ ያጎነበሰች ሴት ስለ ባዶ ጎታዋ የምታዜመው ለማንም ብላ አይደለም። የሰማት ሰው አንጀቱ የሚላወሰው ሳይጋበዝ የሰው ጓዳ ስላየ ይመስለኛል።

ታዲያ የጥላሁን ገሠሠ «ዋይ ዋይ ሲሉ» እንጉርጉሮ ነው? ስለ ረሃብተኞች የተዘፈነ፣ ስንቱን ያስለቀሰ ዘፈን ነው፤ እኔ ግን (የሚቆጣኝ ይቆጣኝ) ቃሉን አልሰጠውም። ጥላሁን የሌሎችን ረሃብ ለሌሎች ነው የሚናገረው፤ አዳራሽ በሚሞላ ድምፅ። ይህ አቤቱታ ይባላል። እንጉርጉሮ የሚሆነው ሰሚው በማግስቱ ሥራውን እየሠራ፣ ግጥሙን ግማሽ በግማሽ ረስቶ፣ ዜማውን ለራሱ ሲለው ነው። ያን ጊዜ «አንጎራጎረ» የሚባለው ሰሚው ነው።