ሕፃናት የቅድመ አንደኛ ደረጃ ትምህርትና የመማር ድጋፍ የሚጀምሩበት ዕድሜ

በ2015 ዓ.ም. በጸደቀው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ መሠረት ሕፃናት በ5 እና በ6 ዓመት ዕድሜያቸው የሁለት ዓመት የቅድመ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ይከታተላሉ፤ 7 ዓመት ሲሞላቸውም አንደኛ ክፍል ይገባሉ። ተጨማሪ ድጋፍ የሚያስፈልጋቸው ሕፃናት ግን የትምህርት ቤት መግቢያ ዕድሜያቸው እስኪደርስ መጠበቅ የለባቸውም። ድጋፉ ችግሩ ከታወቀበት ጊዜ አንሥቶ መጀመር ይኖርበታል።

ከ5 ዓመት በፊት

በዚህ ዕድሜ የሕፃናት ዋነኛው የመማሪያ ስፍራ ቤት ነው። ከቤተሰብ ጋር በአፍ መፍቻ ቋንቋ መነጋገር፣ ተረት መስማትና መጫወት በኋላ ለንባብ የሚጠቅማቸውን የቃላት ሀብት ያዳብርላቸዋል።

የሚከተሉት ምልክቶች የሚታዩበት ሕፃን በጤና ባለሙያ ሊመረመር ይገባል፦

• አንድ ዓመት ሞልቶት ስሙ ሲጠራ ዞር የማይል፤
• ሁለት ዓመት ሞልቶት ሁለት ቃላት አጣምሮ የማይናገር፤
• ጆሮው ደጋግሞ መግል የሚያወጣ፤
• ዕቃዎችን ወደ ዓይኑ እጅግ አስጠግቶ የሚመለከት።

«ሲያድግ ይተወዋል» ብሎ ማለፍ ጉዳት ያስከትላል። ያልታከመ የጆሮ ሕመም የመስማት ችሎታን ሊቀንስ ይችላል፤ በሚገባ የማይሰማ ልጅ ደግሞ በክፍል ውስጥ እንደ ሰነፍ ተቆጥሮ ወደ ኋላ ሊቀር ይችላል። ወላጆች በቅድሚያ የአካባቢያቸውን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ወይም ጤና ጣቢያ ማማከር ይችላሉ።

በ5 እና በ6 ዓመት

የቅድመ አንደኛ ደረጃ ትምህርት በጨዋታ ላይ የተመሠረተ ነው። ሕፃናቱ መመሪያ መቀበልን፣ ከእኩዮቻቸው ጋር መግባባትን፣ መቁጠርንና ፊደላትን መለየትን ይለማመዳሉ። መዋዕለ ሕፃናት ያልገቡ የ6 ዓመት ልጆች በመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ውስጥ በተከፈቱ ኦ-ክፍሎች እንዲማሩ ሲደረግ ቆይቷል። በአንዳንድ አካባቢዎችም አንደኛ ክፍል ከመግባታቸው በፊት በክረምት ወራት የተፋጠነ የትምህርት ዝግጁነት መርሐ ግብር ይሰጣል።

በ7 ዓመትና ከዚያ በኋላ

አንድ ዓመት ለማትረፍ ሲባል ዕድሜው ያልደረሰ ልጅን አንደኛ ክፍል ማስገባት አይመከርም፤ ያልተዘጋጀ ልጅ ክፍል ሊደግም፣ ከትምህርትም ሊሸሽ ይችላል። በከብት ጥበቃ፣ በቤት ሥራ ወይም በመፈናቀል ምክንያት የዘገየ ልጅም ዕድሉ አልተዘጋም። ከ7 እስከ 14 ዓመት ላሉ ከመደበኛ ትምህርት ውጪ ለሆኑ ልጆች የአማራጭ መሠረታዊ ትምህርት ተዘጋጅቷል። አካል ጉዳትም ልጅን ከትምህርት ለማስቀረት ምክንያት አይሆንም፤ የምልክት ቋንቋ፣ የብሬልና ሌሎች ድጋፎች የት እንደሚገኙ ከወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ይቻላል።

ለምዝገባ መደረግ ያለበት ዝግጅት

ልደት በተከሰተ በ90 ቀናት ውስጥ መመዝገብ እንዳለበት በሕግ ተደንግጓል። የልደት ምስክር ወረቀት የልጁ ዕድሜ በግምት እንዳይወሰን ያደርጋል። ወላጆችና አሳዳጊዎች አዲሱ የትምህርት ዘመን ከመጀመሩ በፊት በአቅራቢያቸው ወዳለው ትምህርት ቤት ቀርበው የምዝገባ ጊዜውንና የሚያስፈልጉ ሰነዶችን ማረጋገጥ ይጠበቅባቸዋል። ልጁ የጤና ወይም የመማር ችግር ካለበትም በምዝገባው ዕለት ለትምህርት ቤቱ ማሳወቅ ተገቢው ድጋፍ ሳይዘገይ እንዲጀመር ይረዳል።