የቤት ውስጥ ኤሌክትሮኒክ ቤተ መጻሕፍት፤ ባለቤቱ ማን ነው?

የወረቀት መጽሐፍ ገዝቶ መደርደሪያው ላይ ያኖረ ሰው ባለንብረት ነው። ሊያውሰው፣ ሊሸጠው፣ ለልጁም ሊያወርሰው ይችላል። አብዛኞቹ የኢንተርኔት መደብሮች ግን ለገዢው የሚሰጡት ባለቤትነትን ሳይሆን የማንበብ ፈቃድን ነው።

ልዩነቱ በተግባር ታይቷል። አማዞን እ.ኤ.አ. በጁላይ 2009 የጆርጅ ኦርዌልን «1984» እና «አኒማል ፋርም» ሻጩ መብት እንዳልነበረው ሲደርስበት፣ ከገዢዎቹ ኪንድል ላይ በርቀት አጥፍቷቸዋል። ገንዘባቸውን ቢመልስም በደረሰበት ወቀሳ ይቅርታ ጠይቋል። ማይክሮሶፍትም በ2019 የመጻሕፍት መደብሩን ሲዘጋ፣ የሸጣቸው መጻሕፍት መከፈት አቁመው ለገዢዎች ገንዘባቸው ተመልሷል።

በመሆኑም አባት በላፕቶፕ፣ እናት በታብሌት፣ ልጆች በስልክ የሚያነቡበት ቤት፣ በራሱ እጅ ያለ አንድ ዋና ማኅደር ሊኖረው ይገባል።

አንድ ማኅደር፣ ብዙ አንባቢ

ለዚህ ብዙዎች የሚጠቀሙበት፣ ኮቪድ ጎያል እ.ኤ.አ. በ2006 የጀመረው ካሊበር የተባለ በነፃ የሚገኝ ፕሮግራም ነው። በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ተጭኖ መጻሕፍቱን በደራሲና በርዕስ በየፎልደሩ ይመድባል፤ ዝርዝራቸውንም በመዝገብ ይይዛል። ፎልደሮቹን በእጅ ማዘዋወር ወይም ማኅደሩን ከሁለት ኮምፒዩተሮች በአንድ ጊዜ መክፈት መዝገቡን ሊያበላሽ ስለሚችል መጠንቀቅ ያሻል።

ፕሮግራሙ የራሱ ሰርቨር አለው። ሰርቨሩ ሲከፈት የቤቱ ዋይፋይ ላይ ያለ ማንኛውም ስልክ ወይም ታብሌት በብራውዘር ገብቶ ማንበብ ይችላል። ኢንተርኔት ቢቋረጥ እንኳ ራውተሩና ኮምፒዩተሩ እስከሠሩ ድረስ አገልግሎቱ አይቋረጥም። ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል መለያ ስምና የይለፍ ቃል ከተሰጠው፣ ያቆመበት ገጽ ይመዘገብለታል። ለሕፃናት የተለየ ማኅደር ከፍቶ በዚያ ብቻ እንዲወሰኑ ማድረግም ይቻላል።

የፋይሉ ዓይነት

ኢፐብ የተባለው ዓይነት ጽሑፉን በስክሪኑ ስፋት ልክ ስለሚያስተካክል ለስልክ ይመቻል። ፒዲኤፍ ገጹን እንዳለ ስለሚያሳይ በትንሽ ስክሪን ዓይን ያደክማል። ኪንድል በገመድ የተጫነለትን ኢፐብ ባይከፍትም ካሊበር ወደሚያነበው ዓይነት ይለውጥለታል። በመደብሩ ቁልፍ የታሰረ መጽሐፍን ግን አይለውጥም።

የአማርኛ መጻሕፍት ደግሞ የራሳቸው ችግር አላቸው። በቀድሞዎቹ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ፋይል ፎንቱ በሌለበት ስልክ ላይ ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆናል። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 በገባበት በዩኒኮድ የተጻፈውን መምረጥ ይበጃል። በስካነር የተነሣ ገጽም ሥዕል እንጂ ጽሑፍ ስላልሆነ ወደ ኢፐብ ቢለወጥ አይሻሻልም።

ሕጉስ ምን ይላል?

የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አንቀጽ 9፣ አንድ ግለሰብ የታተመን ሥራ ለግል ጉዳዩ ብቻ በአንድ ቅጂ ቢያባዛ ባለመብቱ ሊከለክለው እንደማይችል ይደነግጋል። ሙሉ መጽሐፍን ወይም አብዛኛውን ክፍል ፎቶ ኮፒ ማድረግንና የባለመብቱን ጥቅም ያለ አግባብ የሚጎዳ ማባዛትን ግን አይፈቅድም። እንግዲህ ሕጉ የሚናገረው ስለ አንድ ቅጂና ስለ አንድ ግለሰብ እንጂ ስለ ቤተሰብ አይደለም። በእኔ አስተያየት፣ ለአራት ሰው አራት ቅጂ ከማባዛት ይልቅ ከአንዱ ማኅደር ማንበብ ለሕጉ መንፈስ ይቀርባል። ያንኑ ፋይል በቴሌግራም መበተን ግን የደራሲውን እንጀራ መንጠቅ ነው፤ «ለግል ጥቅም» የሚለው ቃል አይሸፍነውም።

በመጨረሻም ማኅደሩን ቢያንስ በወር አንድ ጊዜ ወደ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ መገልበጥና ዲስኩን ከኮምፒዩተሩ ርቆ ማስቀመጥ ተገቢ ነው። የይለፍ ቃሉንም ከቤተሰቡ ቢያንስ ሁለት ሰው ይወቀው፤ አንዱ ቢታመም ወይም ቢሞት መጻሕፍቱ ለተቀሩት እንዲተርፉ።