የታመመው ማሳ ምስክርነት

ገበሬ ሁሉ ከማሳው እንዲርቅለት ፈጣሪውን የሚማጸንበትን ደዌ፣ አንዳንድ ሊቃውንት አውቀውና ፈቅደው በአፈር ውስጥ እንዳሳደጉት ስንነግራችሁ ነገሩ እንግዳ ይመስላችሁ ይሆናል፤ ነገር ግን ዛሬ የምናወሳው የሽምብራ ታሪክ ያለዚህ ሥራ አይተረክም።

ሽምብራን በቁሙ የሚያደርቀው ፉዛሪየም የተባለው ፈንገስ በሥሩ ገብቶ የውሃ መተላለፊያውን የሚዘጋ ነው። ስለዚህም ለምልሞ የነበረው ተክል ቅጠሉን ጥሎ ሲገኝ፣ ገበሬው ነቅሎ ቢያየው ሥሩ ከውጭ ጤነኛ ይመስለዋል፤ ከአንገቱ ላይ ለሁለት ሲሰነጥቀው ግን መካከሉ ጠቁሮ ያገኘዋል። ተመራማሪው ኤድዊን በትለር በሕንድ ስላየው ስለዚህ ሕማም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1918 ዓ.ም. ጽፏል። ፈንገሱ ሽምብራ ባልተዘራበት አፈር እንኳ እስከ 6 ዓመት ሊቆይ ስለሚችል፣ ዘር ማፈራረቅ ብቻውን መድኃኒት አልሆነም።

በዚያው አቆጣጠር በ1972 ዓ.ም. በሃይደራባድ አጠገብ በፓታንቼሩ ኢክሪሳት የተባለው የምርምር ተቋም ተመሠረተ። በዚያም ኔኔና ሃዋሬ ከባልንጀሮቻቸው ጋር፣ የታመመውን ተክል እየከተፉ ከአፈሩ ጋር ቀላቅለው፣ በላዩም በሽታውን ፈጽሞ የማይችለውን ጄጂ 62 የተባለ ዝርያ እየደጋገሙ ዘርተው፣ ማሳው ከዳር እስከ ዳር እኩል እስኪታመም ድረስ በትዕግሥት ደከሙ። ከዚያ ወዲያ ለፈተና የቀረቡት ዝርያዎች ሲዘሩ ጄጂ 62 በየመካከላቸው በመስመር ይገባል፤ እርሱ ሞቶ አጠገቡ ያለው ጸንቶ ከቆመ፣ የቆመው በአጋጣሚ ሳይሆን በባሕርዩ እንደ ሆነ ይታወቃል። ለሞት የተመደበው ይህ ዝርያ በአንድ አንጓ ላይ መንታ እሸት የሚያወጣ መሆኑን ሳስብ፣ ለሌሎች ምስክር ሆኖ መውደቁ ልቤን ይነካዋል።

በዚያው አቆጣጠር በ1982 ዓ.ም. ደግሞ ሃዋሬና ኔኔ ይህ ፈንገስ በሕንድ ብቻ በ4 ጎሣ የተከፈለ መሆኑን አስታወቁ፤ አንዱን ጎሣ የሚቋቋም ዝርያ በሌላው ሊሸነፍ ይችላልና፣ በአንድ አገር የጸና ዘር ለሌላው አገር ዋስ አይሆንም። በአገራችንም በደብረ ዘይት የእርሻ ምርምር ማዕከል እንዲሁ የታመመ ማሳ ተሰናድቶ የሽምብራ ዝርያዎች የሚፈተኑበት ምክንያት ይህ ነው። እንዲህ ያለው ማሳ በብዙ ዓመት ድካም የሚገኝ ሀብት ስለሆነ፣ ለሌላ ሥራ ሊታረስ አይገባውም።

ክረምቱ ሲወጣ በጥቁር አፈር ላይ ሽምብራ የምትዘሩ ወገኖቻችን ሆይ፤ አዲስ ዘር ስትቀበሉ ምርቱን ብቻ ሳይሆን፣ በየትኛው አገር አፈር፣ በየትኛው በሽታ እንደ ተፈተነም ጠይቁ።