የንጉጊ ዋ ቲዮንጎ የካሚቲ ረቂቅ

ኬንያዊው ደራሲ ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ ከ1964 እስከ 1967 ባሉት ዓመታት (ዘመኑ በዚህ ጽሑፍ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ሦስት ልብ ወለዶችን በተከታታይ አሳተመ። ከመካከላቸው በቅድሚያ የታተመውን የጻፈው ገና የማካሬሬ ተማሪ ሳለ ነው። በ1962 እዚያው ካምፓላ ላይ በተካሄደው የአፍሪካ ደራስያን ጉባኤ ረቂቁን ለቺኑዋ አቼቤ ለማሳየት የበቃ፣ ዕድል የቀናው ወጣት ነበረ። ሦስተኛው መጽሐፉ «የስንዴ ቅንጣት» ሲወጣ ዕድሜው ሠላሳ እንኳ አልሞላም። ከዚያ ወዲያ ግን አንባቢ አራተኛውን ልብ ወለድ ለማየት ዐሥር ዓመት ጠበቀ።

ለመዘግየቱ ምክንያት የሆነው የሐሳብ ድርቀት አልነበረም። ንጉጊ በእንግሊዝ አገር በሊድስ ዩኒቨርሲቲ ሳለ፣ «የስንዴ ቅንጣት»ን እንደ ጨረሰ፣ አንድ ጥያቄ እንቅልፍ ነሣው። በመጽሐፉ ውስጥ የሚናገሩት፣ የሚዋደዱትና የሚካካዱት የሊሙሩ አካባቢ ገበሬዎች ናቸው፤ ከእነዚህ ገበሬዎች አንዱ እንኳ መጽሐፉን ሊያነበው አይችልም፤ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነውና። በ1967 በሰጠው ቃለ ምልልስ ከአንድ መስቀለኛ መንገድ ላይ መድረሱን፣ ከእንግዲህ በእንግሊዝኛ መጻፍ ጥቅም ይኑረው አይኑረው እንደማያውቅ በግልጽ ተናገረ። ገና ስሙ በገነነበት ሰዓት እንዲህ ያለ ቃል ከአንድ ደራሲ አፍ መውጣቱ ቀላል ነገር አይደለም። የሥራውን መሠረት ተጠራጥሯል፤ ምትክ የሚሆነውን ግን ገና አላገኘም።

በእነዚያ ዐሥር ዓመታት እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። በናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ የእንግሊዝኛ ክፍል ፈርሶ የአፍሪካ ሥነ ጽሑፍ ማዕከል እንዲሆን ከባልደረቦቹ ጋር ተሟገተ፤ ድርሰትን የሚመለከቱ ጽሑፎችን፣ አጫጭር ልብ ወለዶችን፣ ከሚቼሬ ሙጎ ጋርም ስለ ዴዳን ኪማቲ የሚናገረውን ተውኔት ጻፈ። አራተኛው ልብ ወለድ ግን በ1970 በአሜሪካ በኢቫንስተን ከተማ ተጀምሮ፣ ሊሙሩ ላይ ሲንከባለል ቆይቶ፣ በ1975 በክሪሚያዋ ያልታ ላይ ነው ያለቀ። አምስት ዓመትና ሦስት አህጉር መሆኑ ነው። በ1977 ሲታተም ያው በእንግሊዝኛ ነበረ። የ1967ቱ ጥያቄ መልስ ሳያገኝ እንዳለ ነበር ማለት ነው።

መልሱ የመጣው ካልታሰበ አቅጣጫ ነው። የካሚሪቱ መንደር ነዋሪዎች ለባህል ማዕከላቸው ሥራ እንዲያግዛቸው ጠየቁት፤ ከንጉጊ ዋ ሚሪ ጋር በኪኩዩ ቋንቋ የጻፉት ተውኔት በጥቅምት 1977 በገዛ መንደሩ ሰዎች ተዋናይነት ቀረበ። ገበሬዎቹና የፋብሪካ ሠራተኞቹ ቃሉን ያርሙ፣ ዘፈኑን ያስተካክሉ ነበር። ታዳሚው ሳይገኝለት የኖረ ደራሲ ታዳሚው ራሱ መጣለት ለማለት ይቻላል። መንግሥት በኅዳር ወር ተውኔቱን አገደ። በታኅሣሥ ማለቂያ ላይ ፖሊሶች በሌሊት ከቤቱ ወሰዱት፤ ያለ አንዳች ክስ ካሚቲ በተባለው ከፍተኛ ጥበቃ ያለው ወህኒ ቤት ታሰረ። ስሙ ቀርቶ ኬ6፣77 የሚል ቁጥር ተሰጠው።

ደራሲው በዚያ ክፍል ውስጥ ቀጣዩን ልብ ወለድ ለእስራቱ ምክንያት በሆነው ቋንቋ ሊጽፍ ወሰነ። ውሳኔው ጀግንነት ብቻ ተደርጎ እንዳይወሰድ፣ የገጠመውን ችግር ማየት ያሻል። ንጉጊ ደራሲ በዙሪያው ሰው፣ ጫጫታና ጨዋታ ይሻል ብሎ የሚያምን ሰው ነበረ፤ አሁን ደግሞ የቀኑን አብዛኛውን ሰዓት ተቆልፎበት ይውላል። ብዕር ያገኘው ቃሌን እጽፋለሁ በሚል ሰበብ ነው። ወረቀቱ የመጸዳጃ ወረቀት ነበረ፤ በአማርኛ «ሶፍት» ይባላል እንጂ የካሚቲው ለስላሳ አልነበረም፤ ደረቅና ሻካራ በመሆኑ ለገላ ባይመችም ለብዕር ተመቸ። የኢትዮጵያ አንባቢ እዚህ ላይ ነቢይ መኮንንን ሳያስታውስ አያልፍም፤ እርሱም በደርግ ዘመን በማዕከላዊ እስር ቤት «ነገም ሌላ ቀን ነው»ን የተረጎመው በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ ነው።

ከወረቀቱ ይልቅ የከበደው ቋንቋው ነበረ። ንጉጊ አራት ልብ ወለድ የጻፈ ሰው ቢሆንም በኪኩዩ ልብ ወለድ ጽፎ አያውቅም። እንደ ጋካራ ዋ ዋንጃው ያሉ በቋንቋው የደከሙ ደራስያን ቢኖሩም የረጅም ልብ ወለዱ ልማድ ገና ለጋ ነው። ሚሲዮናውያን ያቋቋሙት የፊደል አጻጻፍ ደግሞ የአናባቢውን ርዝመትና የድምፁን ከፍታ በሚገባ አያሳይም። ማታ ትርጉሙን እርግጠኛ ሆኖ የጻፈው አንቀጽ በሌላ ጊዜ ሲነበብ ፈጽሞ ሌላ ነገር ይናገር ነበረ። የአማርኛ አንባቢ ይህን ችግር ያውቀዋል፤ «ገና» በዓሉ ነው ወይስ ጊዜው አለመድረሱ? «ዋና» ውኃው ውስጥ ነው ወይስ ከሁሉ የሚበልጠው? ሲጠብቅና ሲላላ ፊደላችንም አይለየውም፤ የሚለየው ዐውዱ ነው። ንጉጊም ያደረገው ይህንኑ ነበረ። ቃሉን በዐረፍተ ነገሩ፣ ዐረፍተ ነገሩን በአንቀጹ፣ አንቀጹን በድርጊቱ ቦታና ጊዜ እያሰረ ትርጉሙ እንዳያመልጠው ጠበቀ። አዝጋሚ ሥራ ነው፤ ግን በእንግሊዝኛ ጽፎ የማያውቀውን ዓይነት ዐረፍተ ነገር ያስተማረው ይኸው አዝጋሚነት ይመስላል።

ታሪኩንም ከሕዝቡ አፍ ወሰደ። ሹማምንቱ በዘረፋቸው በአደባባይ በሚመጻደቁበት አገር ስላቅ ምን ሊጨምር ይችላል? ስለዚህ ነፍሱን ለሰይጣን የሸጠውን ሰው ተረት አንሥቶ፣ በኢልሞሮግ የሌቦችና የቀማኞች ውድድር አዘጋጀ፤ ዋሪንጋ የተባለችውንም ሴት በመካከላቸው አቆማት። ርእሱ «ሻይታኒ ሙዛራባይኒ»፣ «ሰይጣን በመስቀል ላይ» ነው፤ የመጀመሪያው ቃል ለአማርኛ ጆሮ ባዕድ አይደለም።

በመስከረም 1978 ሥራው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ጠባቂዎች ድንገት ክፍሉን ፈተሹ። የወራት ድካሙን፣ የተጠቀለለውን ወረቀት ሁሉ ይዘው ሄዱ። ንጉጊ በኋላ በጻፈው የእስር ማስታወሻ ላይ ያንን ሰዓት ደሙ ከሥሩ እንደ ተንጠፈጠፈ አድርጎ ይገልጸዋል። ሆኖም ያን ጊዜ ያደረገው ነገር በ1967 ካደረገው ይለያል። እንደገና ከመጀመሪያው ሊጽፈው ቆረጠ። ወረቀት ቢከለከል በቼኾቭና በጎርኪ መጻሕፍት መስመሮች መካከል ሊጽፍ፣ አልፎም ከወህኒ ቤቱ ቄስ መጠናቸው የተለያየ ሦስት አራት መጽሐፍ ቅዱሶች እንደ ንስሓ ገቢ ሰው ሊለምን አሰበ። በዚያ ሐዘን ውስጥ ይህን ቀልድ ማሰቡ ብቻ መጽሐፉ ከእጁ እንዳልወጣ ያሳያል። አሁን ለማን እንደሚጽፍ ያውቃል።

ቀልዱ ወደ ተግባር አልደረሰም። ሦስት ሳምንት ያህል ካለፈ በኋላ የወህኒ ቤቱ አዛዥ ረቂቁን መለሰለት፤ ክፉ ነገር አላገኘሁበትም፣ ኪኩዩህ ግን ይከብዳል አለው፤ የሚገለብጥበት ደህና ወረቀትም እንዲሰጠው አዘዘ። ቋንቋው ይበቃኛል ወይ ብሎ ሲሠጋ ለኖረ ደራሲ ከዚህ የተሻለ ሂስ አይገኝም! ነሐሴ ላይ ጆሞ ኬንያታ አርፈው ነበረ፤ በታኅሣሥ 12 ቀን 1978 ንጉጊ ከሌሎቹ የፖለቲካ እስረኞች ጋር ተፈታ።

መጽሐፉ በ1980 ናይሮቢ ላይ ታተመ። አሳታሚው ለሦስት እስከ አምስት ዓመት ይበቃል ያለው 5,000 ቅጂ በአንድ ወር ውስጥ አለቀ፤ ዓመቱ ሳይወጣ የታተመው 15,000 ደረሰ። ደራሲው ራሱ ወደ እንግሊዝኛ መልሶት በ1982 ወጣ። ከእርሱ በኋላ ልብ ወለዶቹን ሁሉ፣ በግንቦት 2025 እስካረፈ ድረስ፣ መጀመሪያ የጻፋቸው በኪኩዩ ነው። ማንበብ ለማይችሉት በየቤቱ ማንበብ የሚችለው ልጅ ያነብላቸዋል፤ በፋብሪካው የምሳ ሰዓት፣ በአውቶቡስና በታክሲ ላይም ይነበባል። በመሸታ ቤቶች ደግሞ ጮክ ብሎ እያነበበ የሚጠጣ አንባቢ ተገኘ። ታሪኩ በጋመበት ቦታ ላይ ብርጭቆው ባዶ ከሆነ መጽሐፉን አስቀምጦ ዝም ይላል፤ ታዳሚው አንድ ቢራ ጨምርለት እያለ ባለቤቱን ይጣራል፤ ቢራው ሲመጣ ንባቡ ካቆመበት ይቀጥላል።