«ዌር ኢዝ?» ከአራት ኪሎ እስከ ዲካተር

ስደተኛ በእንግሊዝኛ መጀመሪያ ከሚይዛቸው ዐረፍተ ነገሮች አንዱ «ኤክስኪዩዝ ሚ፣ ዌር ኢዝ ዘ ባስ ስቶፕ?» የሚለው ነው። ጥያቄውን መያዝ ቀላል ነው። አስቸጋሪው መልሱ ነው። «ጎ ስትሬት፣ ሁለተኛው ላይት ላይ ተርን ሌፍት፣ አክሮስ ፍሮም ዘ ባንክ» ሲባል ጆሮ የመጀመሪያዋን ቃል ይይዝና የቀረውን ይለቃል። ሰውዬው ለማረጋገጥ «ሌፍት?» ብሎ ይጠይቃል። «ራይት!» ይሉታል። «ልክ ነህ» ማለታቸው ነው፤ እሱ ግን አመስግኖ ወደ ቀኝ ይታጠፋል።

ነገሩ የቋንቋ ችግር ብቻ ይመስላል። ይሁን እንጂ መንገድ አጠያየቅና አመለካከት ከየአገሩ አሠራርና ታሪክ የሚመጣ ነው። ላስ ቬጋስ የገባ ኢትዮጵያዊም ከአዲስ ቋንቋ ጋር አዲስ የቦታ አቆጣጠር መማር ግድ ሆኖበታል።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር መኳንንቱ በተሰጣቸው ቦታ ላይ ከነተከታዮቻቸው ሰፈሩ። «ሰፈር» የሚለው ቃልም ከዚሁ የመጣ ነው፤ ደጃች ውቤ ሰፈርና ራስ ብሩ ሰፈር እስከ ዛሬ የሰዎቹን ስም ይዘዋል። ሌሎች ቦታዎች ስማቸውን ያገኙት በአካባቢው ከነበረው ነገር ነው። ለገሃር ከፈረንሳይኛው «ላ ጋር» የመጣ ሲሆን የባቡር ጣቢያ ማለት ነው። ካዛንቺስ በወረራው ዘመን የጣሊያን መንግሥት ለሠራተኞቹ ቤት ያሠራ ከነበረው ድርጅት ስም የተወሰደ ነው። አራት ኪሎና ስድስት ኪሎ ደግሞ በኪሎ ሜትር ርቀት ተሰይመዋል።

ከዚህ የተነሣ አዲስ አበቤ መንገድ ሲያመለክት ቁጥር አይጠራም። «ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብለህ፣ ከወፍጮ ቤቱ አጠገብ፣ እዚያ ስትደርስ የእገሌን ቤት ጠይቅ» ይላል። የመጨረሻው መመሪያ ሁልጊዜ «ጠይቅ» ነው። ብዙ ጊዜም ተጠያቂው ሥራውን ትቶ «ና ላድርስህ» ብሎ አብሮ ይሄዳል። ከሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ በኋላ ቀበሌዎች ቤቱን ሁሉ ቁጥር ሰጥተውታል። ቁጥሩ ግን ለመዝገብ፣ ለመታወቂያና ለኪራይ ይጠቅም ነበር እንጂ እንግዳ ቤት የሚያገኝበት አልነበረም። ፖስታም ቢሆን በሳጥን ቁጥር እንጂ በቤት ቁጥር አይመጣም ነበር።

አሜሪካ የሄደችበት መንገድ ሌላ ነው። የአሜሪካ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1785 ባወጣው የመሬት ድንጋጌ፣ የነባር ሕዝቦችን ይዞታ ከቁም ነገር ሳይቆጥር፣ አዲሱን ምድር በየስድስት ማይል አራት ማዕዘን እንዲከፈል፣ እያንዳንዱም ባለ አንድ ማይል ሠላሳ ስድስት ቁራሽ እንዲሆን ወሰነ። ይህ በወረቀት ላይ የተሰመረ መስመር ውሎ አድሮ ኔቫዳ ደረሰ። ዛሬ በላስ ቬጋስ ሸለቆ ታላላቆቹ መንገዶች በአብዛኛው የሚሄዱት በእነዚያ መስመሮች ላይ ነው። ከሳሃራ እስከ ዴዘርት ኢን፣ ከዚያ እስከ ፍላሚንጎ፣ ከዚያም እስከ ትሮፒካና በየመካከላቸው አንድ ማይል ያህል ነው። ከዲካተር እስከ ጆንስ፣ ከጆንስ እስከ ሬይንቦውም እንዲሁ። ይህን የያዘ ሰው ሳይጠይቅ ሊደርስ ይችላል። በአንድ ወገን ጎዶሎ ቁጥር፣ በሌላው ወገን ሙሉ ቁጥር ይሰለፋል። «ኢስት» ወይም «ዌስት» የምትለዋን ቃል የዘለለ ግን ቁጥሩን በትክክል ይዞም የከተማው ሌላ ጫፍ ላይ ሊገኝ ይችላል። አበው «የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ» የሚሉት ለዚህ ነው።

ሥርዓቱ የራሱ ጉድ የለውም ማለት አይደለም። ዳውንታውን የተቆረቆረው እ.ኤ.አ. ግንቦት 15 ቀን 1905 የባቡር ኩባንያው መሬቱን በጨረታ መሸጥ ሲጀምር ነው። መንገዶቹ የሐዲዱን አቅጣጫ ተከትለው ስለ ተቀየሱ ከቀረው ከተማ ጋር ሲተያዩ ዘመም ብለዋል፤ አዲስ ሹፌር እዚያ ሲደርስ ሰሜኑ የሚጠፋው በዚህ ምክንያት ነው። ደግሞም ዓለም ላስ ቬጋስ ብሎ የሚያውቀው ስትሪፕ አብዛኛው ከከተማው ወሰን ውጭ ነው። ከሳሃራ በስተደቡብ ያለው የክላርክ ካውንቲ ግዛት ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1950 ፓራዳይዝ የተባለ ታውን ሆኗል። ከቁማሩ ሲወጣ ኪሱ ባዶ የሆነ ጎብኚ የቆመው በሕግ አነጋገር ገነት ውስጥ ነው ማለት ነው።

ከሁሉ ይልቅ የአዲስ አበባን ሰው ያስቸገረው የምልክቱ መጥፋት ነው። በሕንፃ መንገድ ማመልከት የለመደ ሰው የመጣው ሕንፃ በባሩድ ወደሚፈርስበት ከተማ ነው። ዱንስ እ.ኤ.አ. በ1993፣ ላንድማርክ በ1995፣ ሳንድስና ሃሲየንዳ በ1996፣ ስታርደስት በ2007 ፈረሱ። ትሮፒካና ሆቴልም በጥቅምት 2024 ተራውን አገኘ። «ከዱንስ አልፈህ» ብሎ የተማረ ባለ ታክሲ «ከቤላጂዮ አልፈህ» ማለትን እንደ ገና ተማረ። ስሙ ግን ከሕንፃው ይልቅ ዕድሜ አለው። ሆቴሎቹ ሄደው ትሮፒካና፣ ዴዘርት ኢንና ሃሲየንዳ የመንገድ ስም ሆነው ቀርተዋል። የደጃች ውቤ ሰፈር ነገር ላስ ቬጋስም ደርሷል ማለት ይቻላል።

በስሞች ውስጥ ያለውን ታሪክ ለማየት አውሮፕላን ጣቢያው ይበቃል። ከ1948 ጀምሮ ማካራን ይባል ነበር፤ የኔቫዳው ሴናተር ፓት ማካራን ስም ነው። እኚህ ሴናተር በፕሬዚዳንት ትሩማን ተቃውሞ ላይ የጸደቀውን የ1952ቱን የኢሚግሬሽን ሕግ በስማቸው ያስጠሩ ሰው ናቸው። ሕጉ የኮታውን አሠራር ያጸና ሲሆን ለኢትዮጵያ የተመደበው በዓመት 100 ሰው ነበር። ኮታው በ1965 ተሻረ፤ የ1980ው የስደተኞች ሕግና በ1995 የተጀመረው የዲቪ ዕጣ በሩን ከፈቱት። ከዚያ በኋላ በሺህ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን በማካራን በር ገብተዋል። ብዙዎቹም ታክሲ እየነዱ «ዌር ቱ?» ሲሉ «ማካራን» የሚል መልስ እየሰሙ ልጆቻቸውን አሳድገዋል። በዚህ ስም ስንቱን መንገደኛ እንዳደረሱ ቤት ይቁጠረው። ካውንቲው በታኅሣሥ 2021 ስሙን ለውጦ ጣቢያውን ሃሪ ሪድ አለው።

ዛሬ ስልኩ መንገዱን ስለሚናገር መጠየቅና ማመልከት የቀረ ነገር ይመስላል። ነገር ግን ስልክ የማይተካው ጊዜ አለ። ናይን ዋን ዋን የደወለ ሰው መጀመሪያ የሚጠየቀው «ያሉበት አድራሻ የት ነው?» ተብሎ ነው። በሞባይል ሲደወል ሥርዓቱ አካባቢውን ቢያሳይም የአፓርታማውን ሕንፃ፣ ፎቁንና የበሩን ቁጥር በትክክል ላያውቅ ይችላል። የልጅ ልጅ ሲጠብቁ ቤት የሚውሉ እናት «ከኢትዮጵያ ሱቅ ጀርባ ነው» ቢሉ አምቡላንሱ አይደርስላቸውም። «ና ላድርስህ» የሚልም ጎረቤት የለም። የቤቱን ቁጥር፣ «ኢስት» ወይም «ዌስት» የሚለውን፣ የመንገዱን ስምና የአፓርታማውን ቁጥር በአማርኛ ፊደል በትልቁ ጽፎ በር አጠገብ መለጠፍና በየሳምንቱ ጮክ ብለው እንዲሉት ማድረግ የልጆች ግዴታ ነው። ለአንድ አረጋዊ ከዚህ የሚበልጥ የእንግሊዝኛ ትምህርት የለም። «ሌፍት» እና «ራይት»ም ከዚያ በኋላ ይደርሳሉ።

እ.ኤ.አ. በ2002 የሎስ አንጀለስ ከተማ በፌርፋክስ ጎዳና ያለውን ሰፈር ሊትል ኢትዮጵያ ብሎ ሰየመ። በ2023 ደግሞ የክላርክ ካውንቲ ኮሚሽን በዲካተር ቡሌቫርድ አካባቢ ላለው የኢትዮጵያውያን የንግድ ሰፈር ይህንኑ ስም ሰጠ። በአገራቸው በመኳንንት ስም ሰፈር ሲጠሩ የኖሩ፣ በስደት በሌላው ሰው ስም መንገድ ሲያመለክቱ ያረጁ ሰዎች በራሳቸው ስም የሚጠራ ቦታ አገኙ።

አሁን ከሃሪ ሪድ የወጣ እንግዳ «ዌር ኢዝ ሊትል ኢትዮጵያ?» ብሎ ቢጠይቅ መልሱ አጭር ነው። ትሮፒካና ላይ ወደ ምዕራብ ታጠፍ፤ ስትሪፕን እለፍ፤ ፍሪዌዩን ተሻገር፤ ዲካተር እስክትደርስ ቀጥ በል። እዚያ ከደረስክ በኋላ በአማርኛ ጠይቅ፤ የሚያደርስህ አታጣም።