የፋሽስት ኢጣሊያ ወረራ በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ደጋዎች፡- መንስኤውና ያስከተለው ጉዳት

ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የዘለቀው የፋሽስት ኢጣሊያ ወረራ በ20ኛው ክፍለ ዘመን በኢትዮጵያ ላይ ከፍተኛ ጉዳት ካደረሱ ጦርነቶች አንዱ ነው። የጦርነቱ ዕጣ በሮም፣ በለንደን፣ በፓሪስና በጄኔቫ አዳራሾች የተወሰነ ቢሆንም፣ ዋጋውን ከከፈሉት አካባቢዎች መካከል በሰሜን ሸዋ የሚገኙት የመንዝ፣ የግሼና የመርሐቤቴ ደጋዎች በግንባር ቀደምትነት ይጠቀሳሉ። በዚህ ጽሑፍ የቀረቡት ዘመናት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

የወረራው መንስኤዎች

ኢጣሊያ የካቲት 23 ቀን 1888 በዐድዋ የደረሰባትን ሽንፈት ለመበቀል የነበራት ፍላጎት ለወረራው መነሻ ከሆኑት ምክንያቶች አንዱ ነው። ይሁን እንጂ በቀል ብቻውን የወረራውን ወቅት አያስረዳም። በ1920ዎቹ መጀመሪያ ዓለምን ያናወጠው የኢኮኖሚ ቀውስ፣ የቤኒቶ ሙሶሊኒ አገዛዝ በቅኝ ግዛት መስፋፋት ክብርና የሕዝብ ድጋፍ ለማግኘት የነበረው ውጥን፣ እንዲሁም በጀርመን ናዚዎች ሥልጣን በመያዛቸው ብሪታንያና ፈረንሳይ ኢጣሊያን ላለማስከፋት ያሳዩት ጥንቃቄ ተደማምረው ለወረራው ምቹ ሁኔታ ፈጥረዋል።

ኅዳር 26 ቀን 1927 በኦጋዴን ወልወል የተከሰተው ግጭት ለኢጣሊያ የሚፈለገውን ሰበብ አስገኘ። ኢትዮጵያ የመንግሥታት ማኅበር አባል እንደመሆኗ ጉዳዩን ለማኅበሩ ብታቀርብም ፈጣንና ቁርጠኛ ምላሽ አላገኘችም። የኢጣሊያ ጦር መስከረም 22 ቀን 1928 ጦርነት ሳያውጅ የመረብን ወንዝ ተሻግሮ ወረራውን ጀመረ። ማኅበሩ ኢጣሊያን ወራሪ ብሎ በመሰየም ማዕቀብ የጣለ ቢሆንም፣ ለጦርነቱ ወሳኝ የነበረው ነዳጅ ዘይት በማዕቀቡ ውስጥ አልተካተተም። የስዊዝ ቦይም ለኢጣሊያ መርከቦች ክፍት ሆኖ ቆይቷል።

ኢጣሊያ የመርዝ ጋዝን በጦርነት መጠቀም የሚከለክለውን የ1917 የጄኔቫ ፕሮቶኮል ያጸደቀች አገር ብትሆንም ከታኅሣሥ 1928 ጀምሮ በሰሜን ግንባር የሰናፍጭ ጋዝ ከአውሮፕላን ጥላለች። መጋቢት 22 ቀን 1928 በማይጨው የኢትዮጵያ ጦር ድል ሆነ። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ደግሞ ወራሪው ኃይል አዲስ አበባን ያዘ።

ተጋድሎው በሰሜን ሸዋ

የመዲናይቱ መያዝ ጦርነቱን አላቆመውም። ቀድሞ የአዲስ አበባ ፖሊስ አዛዥ የነበሩትና የራስ ጎበና ዳጬ የልጅ ልጅ የሆኑት አበበ አረጋይ፣ በኋላ ራስ፣ የጦር መሣሪያና ተከታዮች አሰባስበው ወደ ሰሜን ሸዋ በማምራት አምስት ዓመት ሙሉ ሳይገዙ ቆይተዋል። ኃይለ ማርያም ማሞን የመሳሰሉ አርበኞችም በዚሁ ክፍል ከፍተኛ ተጋድሎ አድርገዋል።

የአካባቢው መልክዓ ምድር ለአርበኞች የተመቸ ነበር። ከባሕር ወለል በላይ 3 ሺህ ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው የመንዝ አምባ በምሥራቅ በገደል ወደ ይፋት ቆላ ይወርዳል። በምዕራብ በኩል ደግሞ ወንጪትና ጀማ ወንዞች መርሐቤቴን በጥልቅ ሸለቆዎች ይከብቡታል። የኢጣሊያ ጦር በምሽጎቹና ከደብረ ብርሃን በጣርማበር ዋሻ አልፎ ወደ ደሴ በሚዘልቀው አዲስ መንገድ ላይ ተሰማርቶ ነበር። ከመንገዱ ወጣ ያለው ገጠር ግን በአብዛኛው ከቁጥጥሩ ውጭ ነበር።

በዚህም ሳቢያ ገበሬው በሁለት ኃይሎች መካከል ወደቀ። ለአርበኞች ስንቅ፣ መረጃና መሸሸጊያ የሚሰጠው እርሱ ሲሆን፣ ወራሪው በሚመጣበት ጊዜ ቤቱ የሚቃጠለውና ከብቱ የሚነዳበትም እርሱ ነበር። በሹመትና በገንዘብ ለጠላት ያደሩ ባንዶች መኖራቸው ደግሞ ጦርነቱን ወደ ቤተሰብና ጎረቤት ውስጥ አስገብቶታል።

የበቀል እርምጃዎች

የካቲት 12 ቀን 1929 አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በማርሻል ግራዚያኒ ላይ የመግደል ሙከራ ካደረጉ በኋላ የበቀሉ እርምጃ ከአዲስ አበባ ወደ ገጠር ተሻገረ። በግንቦት 1929 በጄኔራል ፒዬትሮ ማሌቲ የሚመራ ጦር በሰሜን ሸዋ ሰፊ ዘመቻ አካሄደ። ጄኔራሉ ለበላዮቻቸው ያቀረቡት ሪፖርት 115 ሺህ 422 ጎጆዎች መቃጠላቸውንና 2 ሺህ 523 አርበኞች መገደላቸውን ይገልጻል። በደብረ ሊባኖስ ገዳም በዚያው ወር ለተፈጸመው ጭፍጨፋ የኢጣሊያ ሰነዶች የ449 ሰዎችን ግድያ ያምናሉ። በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ግን የሟቾቹ ቁጥር ከ1 ሺህ በላይ እንደሆነ ያመለክታሉ።

በ1930 ግራዚያኒ ተነሥተው የአኦስታ መስፍን በእንደራሴነት ሲተኩ አስተዳደሩ ይለዝባል የሚል ተስፋ ተሰጥቶ ነበር። በሚያዝያ 1931 በመንዝ የሆነው ግን የተለየ ነው። የራስ አበበ አረጋይ ተከታዮች የሆኑ ቁስለኞች፣ አረጋውያን፣ ሴቶችና ሕፃናት በተጠለሉበት፣ አመፀኛ ዋሻ በመባል በሚታወቀው የዘረት ዋሻ ላይ የኢጣሊያ ጦር የሰናፍጭ ጋዝ ተጠቀመ። ከጋዙ የተረፉት እጃቸውን ከሰጡ በኋላ ወንዶቹ ተረሽነዋል። ሰነዶቹን መርምረው ዋሻውን በ1998 የጎበኙት ኢጣሊያዊው የታሪክ ተመራማሪ ማቴዎ ዶሚኒዮኒ የተረሸኑትን 800 ያህል ይገምታሉ። በዋሻው ጥናት ያካሄዱ የአርኪዮሎጂ ባለሙያዎች የሰው አጽም፣ የሸክላ ዕቃና ሌላ የቤት ቁሳቁስ አግኝተዋል። ይህም በዋሻው የነበረው ተዋጊ ብቻ ሳይሆን ከነቤተሰቡ የተሰደደ ሕዝብ እንደነበር ያረጋግጣል።

ነፃነትና ያልተቋጨው ሒሳብ

ኢጣሊያ ሰኔ 3 ቀን 1932 በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከጀርመን ጎን መሰለፏ የኃይል ሚዛኑን ለወጠው። እስከዚያ ድረስ ለብቻቸው የተዋጉት አርበኞች የብሪታንያን ድጋፍ አገኙ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 አዲስ አበባ ሲገቡ ራስ አበበ አረጋይ ከበርካታ አርበኞቻቸው ጋር ተቀብለዋቸዋል።

ኢትዮጵያ ከጦርነቱ በኋላ በፓሪስ ለተካሄደው የሰላም ጉባኤ ባቀረበችው ሰነድ 760 ሺህ 300 ዜጎቿ መሞታቸውን አስታውቃለች። ከእነዚህ ውስጥ 78 ሺህ 500 አርበኞች ሲሆኑ፣ 300 ሺህ የሚሆኑት መንደሮቻቸው በመውደማቸው ሳቢያ በችግር ያለቁ ናቸው። በሰነዱ መሠረት 525 ሺህ ቤቶችና 2 ሺህ አብያተ ክርስቲያናት ወድመዋል። መንደሮች በመውደማቸው ሳቢያ ያለቀው ሕዝብ ብዛት ጦርነቱ በገበሬው ኑሮ ላይም የተካሄደ እንደነበር ያሳያል።

የካቲት 3 ቀን 1939 የተፈረመው የሰላም ውል ኢጣሊያ 25 ሚሊዮን ዶላር ካሣ እንድትከፍልና የተዘረፉ ቅርሶችን በ18 ወራት ውስጥ እንድትመልስ አስገድዷል። ካሣው ለቆቃ ግድብ ግንባታ ውሏል። የአክሱም ሐውልት ግን የተመለሰው በሚያዝያ 1997 ነበር። ኢትዮጵያ ባዶሊዮንና ግራዚያኒን ጨምሮ 10 ኢጣሊያውያን በጦር ወንጀል እንዲጠየቁ ብታመለክትም በኢትዮጵያ ለተፈጸመው ግፍ ለፍርድ የቀረበ አንድም ባለሥልጣን የለም። የኢጣሊያ መከላከያ ሚኒስቴር የመርዝ ጋዝ ጥቅም ላይ መዋሉን በይፋ ያመነው ከ60 ዓመት በኋላ፣ በ1988 ነው።

በአገር ውስጥም ለጠላት አድረው የነበሩ ሰዎች ከነፃነት በኋላ ሹመት ማግኘታቸው በአርበኞች ዘንድ ለረጅም ጊዜ የቆየ ቅሬታ አስከትሏል።

ከዚህ ታሪክ ለመንግሥት ሥራ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። የማሌቲ ጦር ያቃጠላቸውን ጎጆዎች አንድ በአንድ ቆጥሮ መዝግቧል፤ በዘረት ያለቁት ሰዎች ስም ዝርዝር ግን በሰነዱ ውስጥ የለም። የወራሪው መዝገብ የተጎጂውን ማንነት ስለማይነግር፣ የቤተሰብና የአካባቢ ትውስታን መሰብሰብ፣ የመታሰቢያ ሥፍራዎችንም ከጉዳት መጠበቅ ለባህልና ቅርስ ዘርፉ ብቻ ሳይሆን በየደረጃው ላለው አስተዳደር የሚቀርብ ኃላፊነት ነው።